ጉልበት የሚደርስ ውሃ

አማቴ በጠዋት ልብሶቻቸውን ሁሉ አልጋ ላይ ዘርግተው ጠበቁኝ። ሰማያዊው የክት ቀሚስ፣ ሁለቱ የሱፍ ሹራቦች፣ እኔ ራሴ በመጀመሪያ ደሞዜ የገዛሁላቸው ካፖርት፣ ገና ከላስቲኩ ያልወጣ የሌሊት ልብስ ሳይቀር ተደርድሯል። በሩ ላይ ቆሜ ሳይ ቀና ብለው «ግቢ እንጂ፣ ምረጪ» አሉኝ። የሚታጠብ መስሎኝ «እማማ፣ ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው፣ የልብስ ቀን አይደለም» አልኳቸው። «ማን እጠቢ አለሽ? የሚሆንሽን ውሰጂ ነው ያልኩሽ። ካፖርቱ ትከሻሽ ላይ ልክ ይመጣል። የተረፈውን ለእህቴ ልጆች ታደርሺልኛለሽ።» ከዚያ የሹራቡን እጅጌ እያጠፉ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ በሚያወሩበት ድምፅ፣ «ዛሬ ለመጨረሻ ጊዜ እሄዳለሁ። ከዚያ በኋላ በቃኝ። ለባሌ እኔ እነግረዋለሁ፤ አንቺ አፍሽን ያዢ» አሉ።

መሄድ ያሉት ለኩላሊት እጥበት ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ ደማቸው በማሽን ታጥቦ ይመለሳል፤ ቀሩ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሐኪሙ ሳይሸፋፍን ነግሮናል። ሆስፒታሉ ከኩሽናችን መስኮት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ነጩ ሕንፃ፣ የውሃ ታንከሩ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት የሚያብለጨልጨው በሩ፣ ሁሉም ሐይቁን ተሻግሮ እዚያ ማዶ ነው። መንገዱ ግን ሐይቁን ዞሮ ነው የሚሄደው፤ እሱም ከዓምና ጀምሮ ተቆፍሮ ተትቷል። እማማ በሚኒባስ ተንገጫግጨው ሄደው፣ ታጥበው፣ አቅማቸው አልቆ እንደገና ተንገጫግጨው ሲመለሱ፣ ከደጅ እስከ አልጋ ደግፈን ነው የምናስገባቸው። የሕዝብ ጀልባስ አለ፤ ግን የሚያወርደው ጥልቅ ውሃ ያለበት ወደብ ላይ ስለሆነ ከዚያም ሌላ መኪና፣ ሌላ ጉድጓድ ነው። ማሽኑን ችለውታል። ያቃታቸው መንገዱ ነው።

ካፖርቱን አላነሳሁም። ልብሶቹን መልሼ ማጠፍ ጀመርኩ። ስለዚች ሴት አንድ ነገር ልናገር፤ ካልተናገርኩ ይቆጨኛል። ልጃቸውን ሳገባ የራሴ ዘመዶች ፊታቸውን አዙረውብኝ ነበር፤ እዚህ ቤት የገባሁት በአንድ ፌስታል ልብስ ነው። የዚያን ቀን እማማ የራሳቸውን አልጋ ለቀውልኝ እሳቸው ሳሎን ተኙ። መንታ ስወልድ አንዱን በቀኝ፣ አንዷን በግራ ጉልበታቸው አስቀምጠው «አንቺ ሥራሽን እንዳትለቂ፤ እነዚህን ለእኔ ተዪ» ያሉኝም እሳቸው ናቸው። ዛሬ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ተቆጣጣሪ ሆኜ የምሠራው በእሳቸው ጉልበት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ሰው እናት ሁለት ጊዜ ያገኛል ቢሉኝ ድሮ እስቅ ነበር።

የባሌ አባት፣ አባባ፣ በረንዳው ላይ ጫማቸውን ሲያስሩ አገኘኋቸው። አባባ ዕድሜ ልካቸውን የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። ሰፈሩ «ፍሬን» ይላቸዋል፤ ሌላ ሰው የሚነዳው መኪና ውስጥ ተሳፋሪ ሆነው ከተቀመጡ ቀኝ እግራቸው እስኪደርሱ ድረስ ወለሉን ሲረግጥ ስለሚኖር ነው። እሳቸውና እማማ ሰሞኑን አይነጋገሩም። ተጣልተው አይደለም። አንዱ የሚለውን ሌላው ስለሚያውቅ፣ ሁለቱም እንዳይባል ስለፈሩ ነው። እማማ በልባቸው መቅረት ሲያስቡ፣ አባባ በልባቸው ጀልባ ሲያስቡ ከረሙ። ለሥራ ሩቅ ያለው ባሌም ስለተስማማ፣ ያቺን ማክሰኞ ከሁለት ጀልባ አንዱን ሞክረን፣ በእሱው እማማን አሻግረን ልንመልስ ከአንድ ባለ ጀልባ ጋር ተቀጣጥረናል። ስለዚህ እኔም ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ የማላወራው ነገር አፌ ውስጥ እየሻከረኝ እማማን ደግፌ ተከተልኳቸው።

ባለ ጀልባው ጀልባ የሚያከራይ፣ የሚጠግን፣ ሲቸግረው የሚሸጥ ወፍራም ሰውዬ ነው። ሁለቱን ጀልባዎች ዳር ላይ ጎን ለጎን አስሯቸዋል። አንደኛዋ ነጭ፣ ረጅም፣ መስታወት ያላት፣ ከፊቷ ክብ መሪ የተገጠመላት ናት። አባባ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ ገብተው መሪው ጋ ተቀመጡ፤ ሁለት እጃቸውን አሳርፈው ግራ ቀኝ አዩ፤ እውነቴን ነው፣ የጎን መስታወት ነው የፈለጉት። «ይቺ ተሽከርካሪ ናት!» አሉ። ባለ ጀልባው ሳቀ። «አባት፣ ይቺ ሥሯ ሹል ነው። ጥልቅ ውሃ ላይ እንደሷ የለም፤ ማዕበሉን ሰንጥቃ ነው የምትሄደው። ግን ሞተሯ ሲወርድ ጭን የሚደርስ ውሃ ትፈልጋለች። የሆስፒታሉ ዳር ደግሞ ጉልበት ነው፤ አንዳንድ ቦታ ከዚያም ያንሳል። እዚያ ደርሰው እናትን በጀርባዎ ሊያወርዱ ነው?» አባባ መሪውን አልለቀቁም። «አውቅበታለሁ» አሉ። አላመንኳቸውም።

ሁለተኛው ጀልባ አረንጓዴ ቀለሙ የተላላጠ፣ ሰፊ፣ ዝቅ ያለ፣ ሥሩ እንደ ትሪ ጠፍጣፋ ነው። መሪም የለው፤ ኋላው ላይ የተንጠለጠለችውን ትንሽ ሞተር በእጀታዋ ይዞ ነው የሚነዳው። ባለ ጀልባው «ይሄ ቁርጭምጭሚት በሚያርስ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ሞተሩን በእጅዎ ከፍ ዝቅ ያደርጉታል። አልዋሽም፤ ነፋስ ከተነሳ ሥሩ ጠፍጣፋ ስለሆነ ውሃው ላይ ይዘላል፣ ወገብ ይፈጃል» አለ። ቀጥሎ እጀታውን ወደ ግራ ሲገፉት ጀልባው ወደ ቀኝ እንደሚዞር ሲያስረዳ አባባ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ምን ዓይነት ዕብደት ነው! ሰው ወደሚሄድበት አይደል እንዴ የሚያዞረው?»

ክርክሩ ገና ሲግል እማማ እጄን ይዘው ነጯን ጀልባ አለፉና አረንጓዴው ውስጥ ገቡ። ማንንም አላማከሩም። «ለአንድ ቀን ይሄ መች አነሰ» አሉ። ባለ ጀልባው ለሙከራው ቀን ያሉ መሰለው። እኔ ግን የትኛውን ቀን እንዳሉ ገባኝ። አባባን ቀና ብዬ ሳያቸው እሳቸውም መሬት መሬት ያያሉ።

ባለ ጀልባው ብርቱካናማ የመንሳፈፊያ ጃኬት አለበሰን። የእማማን የግራ እጅ እንዳይነካ ማሰሪያውን እኔ አላላሁት፤ የእጥበቱ መርፌ የሚገባው እዚያ እጅ ላይ ነው፣ ደሙ ስለሚሮጥበት ሲዳስሱት ይነዝራል። መንታዎቹ ጆሯቸውን ይለጥፉበትና «አያቴ ሞተር አላት» ይላሉ። ባለ ጀልባው አንዲት ቀይ ገመድ በአባባ የእጅ አንጓ ላይ አሰረ፤ ከወደቁ ገመዷ ተነቅላ ሞተሩን ታጠፋዋለች። «ከሞተሩ ጎን ክር የመሰለ ውሃ ሲወጣ ይዩ፤ ሽንቱ ነው። ሽንቱን ካቆመ ያጥፉት፣ ሊቃጠል ነው። ውሃው ሲያንስ ደግሞ ቀስ። ነዳጅ በሰጡት ቁጥር ኋላው ቁጭ ይልና ጭቃውን ያርሰዋል።» አባባ «እሺ፣ እሺ» እያሉ አላዳመጡትም። «እኔ ሰው ጭኜ ስበር አንተ አልተወለድክም» አሉት፣ በፍቅር ነው ታዲያ።

አባባ ሲነሱ ለእማማ የሰጡት ቦታ ከኋላ፣ አጠገባቸው ነበር። እማማም ሳይጠየቁ ሄደው ተቀመጡ። ይሄን ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፤ እማማ የአባባ አውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ ነበሩ። የተዋወቁትም፣ የተጣሉትም፣ የታጩትም እዚያው አውቶቡስ ውስጥ ነው። የቲኬት ቆራጭ ወንበር ደግሞ ኋላ በር ጋ ነው። ስለዚህ ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ አንድ ሞተር፣ አንድ ሙሉ ጀሪካን ነዳጅ፣ ሁሉም ኋላ ተከመረ፤ እኔ ብቻዬን ፊት ላይ ከአንድ ረጅም እንጨት ጋር ተሰቀልኩ። የጀልባው አፍንጫ ሰማይ ሰማይ ያያል። ከመካከላችን ይሄ ስህተት ነው ያለ የለም።

መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። ውሃው ጸጥ ብሏል፣ ነፋሱ ለስላሳ ነው፣ ከተማው ከኋላችን እያነሰ ሲሄድ የመኪናው ጩኸት እንኳ ጠፋ። አባባ እጀታውን ሁለት ጊዜ በተሳሳተ አቅጣጫ ገፍተው፣ ሁለት ጊዜ ተሳድበው፣ ለመዱት። ማዶው እየቀረበ ሲመጣ ውሃው ቡናማ መሰለ፤ ሸምበቆው እዚህም እዚያም ብቅ አለ። ድንገት ጀልባው ከኋላው ተያዘ። አባባ ያደረጉት አውቶቡስ ጭቃ ሲይዘው የሚያደርጉትን ነው፤ ነዳጅ ሰጡት። ግራ ቀኝ እያወዛወዙ ጨመሩለት። ኋላው ቁጭ አለ፤ ከሥራችን እንደ ቀለጠ ሬንጅ ጥቁር የሆነ ጭቃ ተገለበጠ። «አባባ ሽንቱ ቆመ!» ብዬ ጮህኩ። አይሰሙም። «ዝም ካልነው ይሰምጣል!» ይላሉ፣ እግራቸው የጀልባውን ወለል እየረገጠ። ሞተሩ ጢ ብሎ ማስጠንቀቂያ ሲያሰማ በደመ ነፍስ ይበልጥ ጨመሩበት። የእማማ ቀጠሮ እየደረሰ ነው፤ ውሃ መሀል ብንቀር፣ ሞተሩም ቢቃጠል፣ የመጨረሻው ያሉት እጥበት እንኳ ሊቀር ነው። ያኔ እኚህን ሽማግሌ ብጮህባቸው ደስ ባለኝ።

እማማ በቀኝ መዳፋቸው የጀልባውን ጎን አንድ ጊዜ መቱት። ጧ!

አባባ ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ ሞተሩን አጠፉት። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩበት ቋንቋ ነው፤ የአውቶቡሱ ቆርቆሮ አንድ ጊዜ ከተመታ ቁም፣ ሁለት ጊዜ ከተመታ ሂድ። ባለ ጀልባውንም፣ እኔንም፣ ሞተሩንም ያልሰሙት አባባ አንዲት መዳፍ ሰሙ። ጸጥ አለ። ጭቃው ብቻ ጎልጎል ይላል። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ አውቶቡስ ነው እንዴ?» አሉ እማማ። አባባ ላባቸውን ሲጠርጉ እማማ ቀጠሉ፤ «ኋላው ከብዷል፣ አልታይህ አለ? ልጅቷ ፊት ላይ እንደ ባንዲራ ተሰቅላለች። እኔ ወደ ፊት ልሂድ።» አባባ ተደናገጡ፤ «አንቺ? ፊት?» አሉ፣ የሥራ ደንብ የተጣሰ ይመስል። እማማ ትከሻዬን ይዘው፣ ዝቅ ብለው፣ ቀስ እያሉ መጡ። ጀሪካኑን እኔ ወደ መሀል ጎተትኩት። ይሄኔ ኋላችን ከጭቃው በራሱ ለቀቀ፤ እንዲህ ቀላል ነበር። አባባ ሞተሩን ወደ ላይ አነሱት፤ ውሃ መሳቢያው ላይ የተጠቀለለውን ሣርና ጭቃ በጣታቸው ጠረጉ። እኔ በእንጨቱ ገፍቼ ጀልባውን ከተያዝንበት አወጣሁት። ሞተሩ በሁለተኛው ሙከራ ተነሳ፤ ሽንቱ መጀመሪያ ጥቁር፣ ከዚያ ንጹሕ ሆኖ ሲወርድ «ተመስገን!» አልኩ፣ ለዚያ ነገር ተመስገን እላለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

እማማ «እንጨቱን አምጪው» አሉኝ። በቀኝ እጃቸው ውሃው ውስጥ እየሰደዱ፣ ውሃው የነካውን ያህል እያዩ መጣራት ጀመሩ። «ጭን… ጭን… ጉልበት፣ ቀስ በል… ጉልበት… ኧረ ቁርጭምጭሚት ነው፣ ወደ ሸምበቆው እንዳትሄድ፣ ግራ ያዝ! እህ፣ ጉልበት፣ ጥሩ።» ይሄን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ቤታችን ውስጥ ካለችው ደካማ ድምፅ ጋር ዝምድና የለውም፤ የተጨናነቀ አውቶቡስ ዳር እስከ ዳር የሚያዳርስ ድምፅ ነው። አባባ ከኋላ «ጉልበት» ሲባሉ ሞተሩን ትንሽ ያነሳሉ፣ «ጭን» ሲባሉ ያወርዳሉ። ሰሞኑን አንድም ቃል ያልተለዋወጡ ሰዎች ናቸው። እኔ መሀል ጀሪካኑን ታቅፌ ተቀመጥኩ፤ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ግን እማማ ነገሩን ለመጨረሻ ጊዜ ብለው እንደሚሠሩት ስለማውቅ እያንዳንዷን ጥሪያቸውን እንዳልረሳት አጥብቄ አዳመጥኩ። የጀልባው አፍንጫ የሆስፒታሉ ግቢ ሣር ላይ ወጣ። እማማ ጫማቸው ሳይረጥብ ወረዱ። ነርሷ በሩ ላይ አይታን «ዛሬ ቀደማችሁ፤ ደግሞ ፊትዎ በርቷል» አለቻቸው።

እጥበቱ ረጅም ነው። አባባና እኔ ኮሪደሩ ላይ ካለው የፕላስቲክ ወንበር ስንሰለች ወጥተን ጀልባው ጋ ተቀመጥን። አባባ የደረቀውን ጭቃ ከሱሪያቸው ላይ ሲፈገፍጉ ቆዩና፣ ሳያዩኝ፣ «ልብሶቿን ሰጠችሽ?» አሉኝ። አፌን እንድይዝ ታዝዣለሁ፤ መዋሸት ግን አልቻልኩም። «አልተቀበልኳቸውም» አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለእኔ የእጅ ሰዓቷን ትራሴ ሥር አድርጋልኛለች። አሁን ሰዓት ምን ያደርግልኛል? ዕድሜዬን ሙሉ ሂድ ስትለኝ የሄድኩ፣ ቁም ስትለኝ የቆምኩ ሰው ነኝ።»  «አይዞዎት» አልኳቸውና የጀልባውን ወለል ከጭቃው መጥረግ ጀመርኩ።

እማማ ሲወጡ ደክሟቸዋል፤ ከንፈራቸው ነጥቷል፣ ሲራመዱ ግን ክንዴን ብቻ ነው የያዙት። የሚያሳዝነው ነፋሱ ተነስቶ ነበር። ጠዋት እንደ መስታወት የነበረው ሐይቅ መሀሉ ላይ ነጭ ነጭ አረፋ አውጥቷል። ባለ ጀልባው አልዋሽም ያለው ትዝ አለኝ። ፊት ላይ ውሃው ስለሚረጭ እማማን መሀል፣ ዝቅ ካለው ቦታ አስቀምጠን፣ ጀርባቸውን እኔ ላይ አስደገፍኩ። አባባ ሞተሩን አስነስተው ቀጥ ያለውን የመሀሉን መንገድ አዩ፤ አጭሩ እሱ ነው። ከዚያ በስማም፣ ያልጠበቅኩትን ሠሩ። ጎንበስ ብለው «ምን ትያለሽ?» ብለው እማማን ጠየቁ። እማማ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «በዳር በዳር» አሉ። «ሸምበቆው ነፋሱን ይከልልሃል። ብንዘገይ ማን ይቀጣናል?»

በዳር በዳር ሄድን። ሸምበቆው ባለበት ሁሉ ደህና ነበር፤ እንጨቱን እኔ ይዤ የእማማን ሥራ ሠራሁ፣ እንደሳቸው ባይሆንም። ክፍት ወደሆነው ቦታ ስንወጣ ግን ማዕበሉ ደረሰብን። አባባ ነዳጁን ቀነሱ፤ አፍንጫውን ወደ ማዕበሉ ትንሽ አጋድመው፣ እያንዳንዱን እየጠበቁ፣ ጉብታ ላይ እንቁላል እንደጫነ መኪና አስኬዱት። እንዲያም ሆኖ ጠፍጣፋው ሥር ውሃው ላይ ዷ ዷ እያለ ይወርዳል። በየዷው የእማማ ጀርባ እኔ ላይ ይመጣል። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ መንገዱ እንዲለሰልስላቸው ለምኜ ነበር። አሁን ያም አልሆነም ብዬ በልቤ ከፈጣሪ ጋር ተጣላሁ። ውሃውን በተቆረጠ ጀሪካን እየቀዳሁ ስደፋ ፊታቸውን ማየት ፈራሁ።

ስንደርስ ባለ ጀልባው ዳሩ ላይ እጁን አጣምሮ ቆሟል፤ ከሩቅ ጀምሮ ሲከታተለን እንደነበር ያስታውቃል። ገመዱን ተቀብሎ አሰረና እማማን በቀኝ ክንዳቸው ደግፎ አወረዳቸው። «ታዲያ እንዴት ነበር ጀልባው?» አለ።   የሁላችንም ዓይን እማማ ላይ ነው፤ እሳቸው ቀጥ ብለው ለመቆም ጊዜ ፈጀባቸው፣ ወገባቸውን ያዙ፣ አረንጓዴውን ጀልባ ከአፍንጫው እስከ ሞተሩ አዩት።

«ወገቤን ጨረሰኝ» አሉ።

ባለ ጀልባው «ነግሬ ነበር እኮ እናቴ…» ሲል አቋረጡት። «ሳልጨርስ አትግባብኝ። ለሐሙስ ወፍራም ትራስ ይደረግልኝ። አንተም ለጀሪካኗ መሀል ላይ የምትታሰርበት ነገር አብጅላት፤ ስትንሸራተት ዋለች። ይሄ ሰውዬ ደግሞ እጀታውን የሚይዝበት እጁ ተልጧል፣ ጓንት ያስፈልገዋል።»

አባባ «ሐሙስ?» አሉ። ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ነበር።

«ታዲያ መቼ ሊሆን ነው? ሐሙስ ነዋ!» አሉ እማማ። «ፊት የሚቀመጥ ከሌለህ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ልትቀር ነው።»

አባባ ወደ ሐይቁ ዞሩ፤ ጀርባቸው ሲንቀጠቀጥ ነፋሱ ነው ለማለት ማንም አልሞከረም። እኔ ከነእርጥበቴ፣ ባለ ጀልባው እያየኝ፣ እማማ ላይ ተጠምጥሜ ጉንጫቸውን ሳምኳቸው፤ ደጋግሜ ሳምኳቸው። «ሂጂ ወዲያ» አሉኝ፤ «አበሰበስሽኝ እኮ! ይልቅ ቤት ገብተን ካፖርቴን አምጪልኝ፣ በርዶኛል።»